ከሹም አቦ እስከ የኔታ ገመድ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ሹም አቦ

ባሕር ዳር ገና አልነቃችም። የነቁት የጣና ወፎች፣ የእማዋይሽ አውራ ዶሮና የኔታ ልሳነወርቅ ናቸው። ከሦስቱ በድምፅ የሚበልጡት የኔታ ናቸው። «አያሌው! አንተ ወስላታ! አውቶብሱ ሊያመልጠን ነው!» ሲሉኝ፣ ዘጌ ያሉ መነኮሳት ጭምር ደንግጠው ለኪዳን የተነሡ ይመስለኛል።

የኔታ ዓይናቸው ከጠፋ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። ጆሯቸውን ደግሞ የዛሬ አራት ዓመት ተስቦ ዘጋው። አንደበታቸው ግን እንዳለ ነው፤ ድምፃቸውን ራሳቸው ስለማይሰሙት ሹክ ያሉ እየመሰላቸው አዋጅ ይነግራሉ። እኛ የምናነጋግራቸው መዳፋቸው ላይ በጣት ፊደል እየጻፍን ነው። እኔ ከእሳቸው ዘንድ ዳዊት ስማር አምልጬ፣ ባሕር ዳር ልብስ ሰፊ ሆኜ የቀረሁ ተማሪያቸው ነኝ። ያኔ የሸሸሁት ጽሕፈት እዚህ መዳፍ ላይ ጠብቆ ያዘኝ።

ጊዜው የደርግ ነውና ጉዞውን ያመጣው ወረቀት ነው። ከይፋግ ወጣ ብላ ያለች፣ ስሟን የማልጽፋት መንደራቸው የገበሬ ማኅበር እንዲህ ብሎ ላከ፦ ግለሰቡ ለብቻቸው መኖር ስለማይችሉ፣ ሰባት ወር የተዘጋው ቤታቸው ለኅብረት ሱቅ መጋዘን ይሆናል፤ ቅሬታ ካለ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ስብሰባ ላይ በአካል ይቅረቡ።

ሰባት ወር የቆዩት ከእህታቸው ልጅ ከእማዋይሽ ዘንድ ነው። ታመው አምጥታ፣ አስታማ አዳነቻቸው።

«እዚህ ምን ጎደላቸው በልልኝ?» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ጻፍሁላቸው።

«ወሬ ጎደለኝ!» አሉ። «ሰባት ወር መዳፌ ላይ የተጻፈው ‹ይብሉ› እና ‹ይተኙ› ብቻ ነው። በሬ እንኳ ሲታረስበት ከዚህ የተሻለ ይነገረዋል!»

እማዋይሽ ለአንድ ሻለቃ ጦር የሚበቃ ዳቦ ቋጥራ ሰጠችንና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ገባች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ዓባይ ድልድይ

አውቶብሱ ውስጥ መቶ ሰው፣ ሁለት መቶ ዶሮና አንድ ፍየል አለ፤ ፍየሏ ብቻ ናት በምቾት የተቀመጠችው። ኬላው ላይ አንድ ወጣት ወታደር ወጣ።

«መታወቂያ! የይለፍ ወረቀት! አባ፣ ለእርስዎ ነው!»

የየኔታን መዳፍ ያዝሁና መጻፍ ጀመርሁ።

«ቁም! ምንድን ነው የምትጽፍበት? ምስጢር ነው?»

«ፊደል ነው ጓድ። አይሰሙም፣ አያዩም።»

የኔታ የጻፍሁትን አነበቡና፣ «ወታደር ነው? እናቱ ከየት ነች? ራሱ ይጻፍልኝ!» ብለው ሌላውን እጃቸውን ዘረጉ። ወታደሩ ግራ ቀኝ አየ። ከዚያ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አደላድሎ በጣቱ ሞነጫጨረ።

«ዱርቤቴ! እናትህ የዱርቤቴ ሴት ናት! ደኅና ጻፍህ ልጄ፣ ግን አትጫን፤ መዳፍ እንጂ ድንጋይ አይደለም።»

ወታደሩ የሁላችንንም ወረቀት ሳያይ ወረደ። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ፣ «ጋሼ፣ እኒህን አባት ነገም ከነገ ወዲያም ይዘህልኝ ና» አለኝ።

ሦስት ሰዓት ገደማ፤ ጉማራ

በግራ በኩል ጣና ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ደንገል፣ ታንኳ፣ ከዚያ የፎገራ ላሞች። የኔታ መቋሚያቸውን ከአውቶብሱ ወለል ተክለው ጫፉ ላይ አገጫቸውን አስደግፈዋል። መንገዱን የሚሰሙት በእሱ ነው። ጉማራ ድልድይ ላይ ስንደርስ ሰይጣን ገፋፋኝና፣ «ርብን ተሻገርን» ብዬ ጻፍሁ።

«ውሸታም! ርብ እንዲህ አያጉረመርምም፤ ይኼ ጉማራ ነው። ዓይን ያለው ሲዋሽ ዕውር ያርመው!»

አውቶብሱ በሙሉ ሳቀብኝ። ፍየሏም የሳቀች መሰለኝ።

አራት ሰዓት ተኩል፤ ወረታ

ጎማ ፈነዳና ወረድን። ነጋዴው ሐጂ ሙሐመድ ከሱቃቸው ወጥተው፣ ምንም ሳይጽፉ፣ አንዲት ቅርንፉድ የኔታ መዳፍ ላይ አኖሩ።

የኔታ አሸተቱና «ሐጂ!» ብለው ተጠመጠሙባቸው።

ሐጂ የአማርኛ ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን ሁለቱ ሽማግሌዎች በመዳፍ እየተማቱ፣ የእህል ዓይነት በጣት እየነካኩ፣ ስለ ዘንድሮው ሽምብራ ግማሽ ሰዓት ተጨዋወቱ። አስተርጓሚ ልሁን ብዬ ብጠጋ ሁለቱም በክርናቸው ገፉኝ።

«የሚሄዱት ለስብሰባ ነው አሉ» አሉኝ ሐጂ ሻይ እያስቀዱልኝ። «ቤቱን ከተነጠቁ ምን ይሆናሉ?»

«ወደ ሹም አቦ ይመለሳሉ፤ ይበላሉ፣ ይተኛሉ።»

«እንግዲያማ ሳይሞቱ መቅበር ነው» አሉ ሐጂ።

ስምንት ሰዓት ተኩል፤ መንደሯ

ይፋግ ወርደን በእግር ሄድን። አቧራው እስከ ጉልበት ነው። የኔታ ግን ከባሕር ዳሩ ቤት ሽንት ቤት ድረስ እጃቸውን ተይዘው የሚሄዱት ሰውዬ፣ እዚህ እኔን እየጎተቱኝ ነው፤ «በግራህ ጉድባ አለ፣ እንዳትገባ!» ይሉኛል።

ግቢያቸው ደርሰው የበሩን መቃን ዳሰሱ። ደግመው ዳሰሱ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ገመዴስ?»

ከዚህ መቃን ሁለት ገመድ ይነሣ ነበር። አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም የሚመራቸው ነው። ሌላው እስከ ጎረቤታቸው እስከ ወይዘሮ ጥሩዬ አጥር ይደርሳል፤ በርበሬ ሻጯ ጥሩዬ ጠዋት ሦስት ጊዜ ትስበዋለች፣ የኔታ ሦስት ጊዜ መልሰው ይስባሉ። «አደርሁ፣ አደርሽ?» ማለት ነው። ካልመለሱ ሮጣ ትመጣለች። ያን ክረምት መታመማቸው የታወቀው በዚሁ ገመድ ነው። አሁን ሁለቱም የሉም። ዓይኔን ባዞር፣ በረንዳቸው ላይ የተከመረው የማኅበሩ ጆንያ በምን እንደታሰረ አየሁ። ጻፍሁላቸው።

«ይሁን» አሉ፤ ጆሯቸው ከተዘጋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብለው። «ወደ ስብሰባው ምራኝ።»

ዘጠኝ ሰዓት፤ ዋርካው ሥር

መፈክር ተባለ፣ ግራ እጅ ተነሣ። የኔታን እጃቸውን እንዲያነሡ ብነግራቸው፣ «ማን ሊጽፍበት ነው?» አሉኝ። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጓዶች፣ ማኅበሩ ለእኒህ አባት ተጨንቆ ነው። እሳት ቢነሣ ማን ይነግራቸዋል? ሌባ ቢመጣስ? ከሕዝብ ጋር መገናኘት የማይችል ሰው እንዴት ብሎ ለብቻው ይኖራል?»

ጣቴ እስኪደነዝዝ ጻፍሁ። የኔታ ተነሡ።

«እሳት ቢነሣ ከሁላችሁ በፊት አፍንጫዬ ይነግረኛል። ሌባ ከቤቴ የሚወሰድ ካገኘ ለእኔም ያሳየኝ። ከሕዝብ አልገናኝም ወይ? መሠረተ ትምህርት የመጣ ጊዜ ሰሌዳ አልነበራችሁም፤ ሀሁን የተለማመዳችሁት የማን መዳፍ ላይ ነው? ይኸው ሰሌዳችሁ፣ ኑ ጻፉ!»

መጀመሪያ ጥሩዬ ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሣችና ጻፈች።

«‹እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ።› ጥሩዬ! በርበሬሽ ከጣትሽ ቀድሞ መጣ!» ብለው መዳፋቸውን በጋቢያቸው አበሱ።

ከዚያ ሰው እንደ ጠበል ተሰለፈ። የኔታ የተጻፈላቸውን ሁሉ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ልማዳቸው ነው። «‹ላሜ ወለደች።› እሰይ! ‹ልጄ ከግንባር ደብዳቤ ላከ።› ተመስገን! ‹ሚስቴ ትናንት አኩርፋለች።› ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ፣ ሂድ አስታርቅ!» ዋርካው ሥር ሳቅ ሆነ። ሰዉ ተጋፋ፤ ማን ቀድሞ ማን እንደጻፈ መለየት ቀረ። በዚህ መሐል የኔታ ጎንደር የሚደርስ በሚመስል ድምፅ አነበቡ፦

«‹ቤቱን የፈለገው ኅብረት ሱቁ አይደለም፤ የሊቀመንበሩ አማች ነው።›»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ የወጣ ሰው ወደ ቤቱ አይገባም። ሊቀመንበሩ ብድግ አለ።

«ማን ነው የጻፈው? ጠይቃቸው!»

ልጽፍ መዳፋቸውን ብይዝ፣ ትኩስ ቀይ ዱቄት አለበት። ጥያቄውን የመጻፍ አስመስዬ ዱቄቱን በጣቴ ጠራርጌ ወሰድሁ፤ ከድንጋጤዬ ብዛት ዓይኔን በዚያው ጣት አሸሁ። እንባዬ እንደ ጢስ ዓባይ ወረደ። ሰዉ ሁሉ ለየኔታ ያለቀስሁ መሰለው።

የኔታ፣ አንድን ሰው በጣቱ ሽታ ከሩቅ የሚለዩት ሰውዬ፣ ፊታቸውን ወደ ሊቀመንበሩ አዞሩ።

«በምን ልወቅ ልጄ? ዕውር ነኝ።»

መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ሳቁ። ቀጥሎ ሁለት፤ ቀጥሎ መንደሩ። ሊቀመንበሩ መንደር ሙሉ ሊያስር አይችልም፤ ላቡን ጠርጎ፣ «ቤቱ... ለባለቤቱ ይቆይ። ሆኖም በየቀኑ ደኅንነታቸው መታወቅ አለበት» አለ።

«ይታወቃል!» አሉ የኔታ። «ገመዴን መልሱ!»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጆንያዎቹ ተፈቱ። ገመዱን መቃኑ ላይ ያሰሩት የኔታ ራሳቸው ናቸው፤ ልርዳ ብዬ ብይዝ፣ «የአንተ ቋጠሮ እንደ ዳዊትህ ግማሽ መንገድ ይቀራል» ብለው ነጠቁኝ።

ዓርብ ማለዳ ጥሩዬ ሦስት ጊዜ ሳበች፤ የኔታ ዘጠኝ ጊዜ መለሱ።

ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ፤ ሹም አቦ

እማዋይሽ በር ላይ ጠበቀችኝ፤ ብቻዬን ስታየኝ ከንፈሯን ነከሰች።

«ተቀየሙኝ?»

«እንዲህ ብለዋል፦ ‹ለፋሲካ ትምጣ። ዳቦ አታምጣ፤ ወሬ ታምጣ።›»

«ምን ብዬ ልጻፍላቸው? እጃቸውን ስይዝ እንባዬ ይቀድመኛል፤ ሌላ ቃል አይመጣልኝም።»

«የሰፈሩን ሐሜት። በይ ተለማመጂ» ብዬ መዳፌን ዘረጋሁላት።

ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጻፈች፦ «አያሌው የባለቤቴን ሱሪ ከማሳጠሩ የተነሣ፣ ባለቤቴ የልጃችን መስሎት ልጃችንን አለበሰው።»

እውነት ነው። ከነመዳፌ ደነገጥሁ። ለፋሲካ ይህ በዚያ ድምፅ ሲነበብ፣ ይፋግ ሳይሆን ሱዳን ድረስ ደንበኛ ማጣቴ ነው።