በሰርጓጅ መርከብ አዛዥ ቤት

ሥራ በጀመርኩበት ቀን መጀመሪያ የተማርኩት በር መዝጋት ነው። የኩሽናውን በር ዘግቼ ዞር ስል የቤቱ ወጥ ሠሪ እትዬ ዘነበች መልሳ ከፈተችውና «ሰማሽው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ድምፁን። እዚህ ቤት በር ሲዘጋ አይሰማም። እንደገና ዝጊው።»

እጀታውን ተጭኜ፣ ገፍቼ፣ ቀስ ብዬ መልቀቅ እስክለምድ ደጋግማ አዘጋችኝ። «ሰውየው ያመዋል እንዴ?» አልኳት።

«ጤነኛ ነው። ዕድሜውን ባሕር ሥር ስለጨረሰ ነው።»

ሰውየው ጡረታ የወጣ የሰርጓጅ መርከብ አዛዥ ነው። ፈረንጅ ነው። ሚስቱ ሞታለች፣ ልጆቹ አገራቸው ናቸው፣ እሱ የጅቡቲን ሙቀት ለምዶ ቀረ። ሁላችንም «ኮማንዳን» እንለዋለን፤ በፈረንሳይኛ አዛዥ ማለት ነው። እዚህ ላይ «እሱ» እያልኩ እጽፋለሁ እንጂ ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው የምለው። አንድ ቀን ብቻ ስቻለሁ፤ እሱን እነግራችኋለሁ።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ሥራ ፍለጋ መጣሁ። መጀመሪያ ከጅቡቲ ከተማ ዳር፣ ባልባላ ውስጥ ዋራበሌ የሚባል ሰፈር፣ የአገሬ ልጆች ጋ አረፍኩ፤ ከዚያ ኮማንዳን ቤት ተመላላሽ ሳይሆን አዳሪ ሆኜ ገባሁ። እናቴን ኩላሊቷን እያመማት ነበር ትቻት የመጣሁት። ዓርብ ዓርብ ለወንድሜ ለቢንያም እደውላለሁ፣ «ደህና ናት» ይለኛል። የምፈራው አንድ ነገር ነበር፦ ሳላያት እንዳትሞትብኝ።

የቤቱ ደንብ ከመርከብ የመጣ ነው። ገላ ስትታጠቢ ውሃውን ከፍተሽ ትረጥቢያለሽ፣ ትዘጊያለሽ፣ ሳሙና ትቀቢያለሽ፣ ከፍተሽ ትለቀለቂያለሽ። መስኮት ተዘግቶ ኤሲ እየሠራ ዓሣ አይጠበስም፤ መርከቡ ውስጥ ሽታ መውጫ ስላልነበረው። መደርደሪያ ጫፍ ላይ ብርጭቆ አይቀመጥም። የምትወጣም የምትገባም ትናገራለች። ትእዛዝ ሲሰጥሽ ደግመሽ ትይዋለሽ፤ «ሸሚዞቹን ተኩሺ» ሲልሽ «ሸሚዞቹን እተኩሳለሁ»።

እኔ ደግሞ አንድ ቦታ ቁጭ የማልል፣ አፌም የማያርፍ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ዕቃ ሳጥብ ውሃው ክፍት ነው ብሎ ሲቆጣኝ «ይሄ እኮ ቤት ነው፣ መርከብ አይደለም» አልኩት።

«ልክ ነሽ» አለኝ። «መርከብ ቢሆን አልጋሽ ላይ ከሌላ ሰው ጋር በፈረቃ ነበር የምትተኚው። ስትገቢበት የሱ ሙቀት ገና አልወጣለትም። እዚህ የራስሽ አልጋ አለሽ። ውሃውን ዝጊ።»

ዘጋሁ።

ኮማንዳን ድምፁን ከፍ አያደርግም። ሲናደድ ጭራሽ ዝቅ ያደርገዋል። ለምን እንደሆነ ያወቅኩት የድሮ ባልደረቦቹ ምሳ ሲጋበዙ ነው። አንዱ ሙሴ ሉዊ ነው፣ መሐንዲስ የነበረ፤ «ሙሴ» ፈረንጆቹ «አቶ» የሚሉት ነው። ሌላው ሙሴ አንሪ፣ የመርከቡ ወጥ ቤት። እትዬ ዘነበች ከማዕከላዊ ገበያ ትልቅ ዓሣ አምጥታ ነበር፤ እኔ አሳልፋለሁ። ፈረንሳይኛውን ያኔ በደንብ እሰማለሁ።

«ከሱ በፊት የነበረው አዛዥ ይጮህ ነበር» አለ ሙሴ አንሪ ወደ ኮማንዳን በሹካው እያመለከተ። «ቁርስ ላይ ይጮሃል፣ እራት ላይ ይጮሃል። በኋላ ማንም አይሰማውም። ይሄኛው መጣና ሹክ አለን። ሁላችንም ጆሯችንን ቀሰርን።»

«ያንተን ሾርባ ቀምሶ ዝም የሚል ሰው ምን አንጀት አለው!» አለ ሙሴ ሉዊ። «ገና ስንሳፈር መተላለፊያው በቆርቆሮ ምግብ ካርቶን ተሞልቶ በላዩ ጎንበስ ብለን ነበር የምንሄደው። እየበላን ወለሉ ላይ ደረስን።»

ሳቁ። ከዚያ ሙሴ ሉዊ ስለ አባቱ አወራ። እነሱ ባሕር ሥር እያሉ አባቱ ሞተ። መልእክቱ በሬዲዮ ለኮማንዳን ደረሰው። ኮማንዳን ለማንም አልተናገረም። ሉዊ «ከቤት ዜና አለ?» ብሎ ሲጠይቀው «የለም» ይለው ነበር። ማታ ማታ አብሮት ካርታ ይጫወታል። ወደብ ሲገቡ፣ ሉዊ መሬት ከመርገጡ በፊት፣ ለብቻው ጠርቶ ነገረው።

ሳህን እያነሳሁ ነበር፣ አላስቻለኝም። «ይቅር ብለውታል?» አልኩ።

ሙሴ ሉዊ አየኝና «ምሳውን እየበላሁለት አይደል?» አለ። ኮማንዳን ግን አልሳቀም።

ኩሽና ገብቼ ለእትዬ ዘነበች ስነግራት «አየሽ፣ ፈረንጅም መርዶ ይደብቃል» አለች። ደስ ብሏታል።

ወራት ካለፉ በኋላ፣ አንድ ረፋድ ላይ ሸሚዝ ስተኩስ ኮማንዳን መጣ። መተኮሻ ክፍል ገብቶ አያውቅም። «ሮማን፣» አለ፣ «እናትሽ በጣም ታማለች። ወንድምሽ ለዘነበች ደውሎ ነበር። ነገ ጠዋት ባቡር አለ፣ ሂጂ።»

ካውያውን ነቀልኩና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ጮህኩ።

በኛ አገር «ታማለችና ነይ» የሚባለው እናቱ ለሞተችበት ሰው ነው። ይህን የማያውቅ አበሻ የለም። መንገድ ላይ እንዳይወድቅ፣ ራሱን እንዳይጎዳ፣ ታማለች ይሉታል፤ አገሩ ሲገባ ሰው ተሰብስቦ ያረዳዋል። እኔም የሰማሁት ይህንኑ ነው።

እትዬ ዘነበች እጇ ሊጥ እንደሆነ ሮጣ መጣች። «እንዳትነግሪያት ተብዬ ነበር እኮ! ነገሯት? እንዲህ ይነገራል?» ብላ ጮኸችበት። እሱ «ታማለች ነው ያልኳት!» ይላል። እሷ «በእግዚአብሔር ስም፣ አልሞተችም፣ ሮሚዬ» ብላ ማለችልኝ። መርዶ የሚደብቅ ሰው ይምላል፤ አላመንኳትም።

ለቢንያም ደወልኩ። «ደህና ናት» አለኝ።

«አገናኘኝ።»

«ተኝታለች።»

ስልኩን ዘጋሁት። አለቀ አልኩ።

ከሞተች ደግሞ ምን ያስሮጠኛል? ሳልደርስ ትቀበራለች። ዋራበሌ ሄጄ ከአገሬ ልጆች ጋር አልቅሼ፣ በሳምንቱ ሰው ተከትሎኝ ልሄድ ወሰንኩ። ነጠላዬን ይዤ ስወጣ ኮማንዳን በሩ ላይ ቆሟል።

«ሻንጣሽስ?»

«አልሄድም።»

«በሕይወት አለች።»

«ለሉዊም ዜና የለም ብለኸዋል!» አልኩት። «አባቱ ሞቶ ካርታ ተጫውተህበታል! አንተን ነው የማምነው?» አንተ አልኩት። እትዬ ዘነበች አፏን ያዘች።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አዎ፣ ዋሽቼዋለሁ። ባሕር ሥር ነበርን። ቢያውቅ የሚወጣበት በር የለውም፣ ማልቀሻ ጥግ እንኳ የለውም፣ የሚጠብቀው ሞተር አለ። አንቺ በር አለሽ። ባቡር አለ። መሄድ ለሚችል ሰው አልዋሽም።»

አመንኩት ብል ውሸት ነው። ግን ሻንጣዬን አነሳሁ።

ባቡሩ ውስጥ ጥቁር ሻሽ አስሬ ነበር። ድሬዳዋ ወርጄ ባጃጅ ይዤ ሰፈራችን ስገባ በራችን ላይ ድንኳን የለም። ሰው አልተሰበሰበም። የጎረቤት ልጅ ሻሼን አይታ «ማን ሞተ?» አለችኝ። እዚያው ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

እናቴ አልጋ ላይ ናት። ከስታለች፣ ድምፇ ግን ራሱ ነው። አየችኝና «ማን አባረረሽ?» አለችኝ።

«ማንም።»

«ታዲያ ሥራሽን ለማን ጥለሽ መጣሽ?»

ቢንያም ግቢ ውስጥ «ሥራሽን እንዳታጪ ብዬ ነው» አለኝ። ልመታው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከሳምንት ትንሽ በላይ ቆየች። አጠብኳት፣ ጸጉሯን ሠራሁላት፣ ስለ ጅቡቲ አወራኋት፤ ከባሕር ሥር ስለሚኖሩት ሰዎች ስነግራት «እብዶች ናቸው» አለች። ስትሞት እጇን ይዤ ነበር። መርዶ ነጋሪ አላስፈለገኝም።

ስመለስ ኮማንዳን ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ «ደረስሽ?» አለኝ።

«ደረስኩ።»

«ጥሩ» አለና ማንበቡን ቀጠለ።

እትዬ ዘነበች ግን እስካሁን አልተስማማችም። «ዕድል ሆኖ ነው። መንገድ ላይ ብትወድቂስ?» ትላለች። አሁን እሷ አገሯ ገብታለች፤ አዲስ ሠራተኛ የማሠለጥነው እኔ ነኝ። በር አዘጋግ አስተምራለሁ፣ ውሃ አጠቃቀም አስተምራለሁ። ከሠራተኛዋ ቤት ስልክ ሲመጣና «አደራ እንዳትነግሪያት» ስባል፣ የሰማሁትን በሰማሁበት ሰዓት እነግራታለሁ። የታመመውን ታሟል፣ የሞተውን ሞቷል እላለሁ። መሄድና መቅረቱን ራሷ ትወስናለች።