የአልጋው ግርጌ

ንግሥት ቪክቶሪያ ባረጁበት ዘመን፣ ኬዛያ ታፕስኮት ብራይተን ውስጥ ከባሕሩ ፊት ለፊት በሚገኝ ትልቅ ሆቴል ሃያ ሁለት ዓመት አልጋ አንጥፋለች። በአልጋ ነገር እሷን የሚረታ ሰው አልተፈጠረም፤ ይህንንም የምትናገረው ራሷ ነበረች። አንሶላውን ግርጌ ላይ አጥፋ ፍራሹ ስር ከወተፈችው፣ ሰው እግሩን ዘርግቶ ካልተኛበት በቀር ንቅንቅ አይልም።

አንድ በጋ ዝነኛው ደራሲ ሚስተር ላይል ከወጣት ወዳጃቸው ከሃርግሬቭ ጋር አሥራ ሰባት ቁጥርን፣ ባለ ሁለት አልጋውን ክፍል፣ ተከራዩ። ጠዋት ጠዋት ሁለቱንም አልጋዎች ተተረማምሰው ታገኛቸዋለች። አንደኛው ግን የተተረማመሰው ከራስጌው ብቻ ነው፤ ግርጌው እሷ እንደወተፈችው ነው። በዕድሜያቸው አንድ ቀን እንኳ አልጋ አንጥፈው የማያውቁ ጌቶች፣ የተተኛበት አልጋ ምን እንደሚመስል ከየት ያውቁታል? ኬዛያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሁለቱንም ታነጥፋለች። ሚስተር ላይልን ትወዳቸው ነበር። በስሟ የሚጠሯት፣ የእህቷ ሳል እንዴት እንደሆነ የሚጠይቋት እንግዳ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ጥፋቱ የምላሷ ነው። አንድ ቀን ሠራተኞቹ ምሳ ሲበሉ አስተናጋጁ ፒም ያሽሟጥጣት ጀመር።

«አንቺ ደሞ፣ አልጋ ያናግርሻል እንዴ?»

«ያናግረኛል እንጂ! ግርጌውን ልየው እንጂ ማን የት እንዳደረ እነግርሃለሁ። አሥራ ሰባት ቁጥር፣ ሁለተኛው አልጋ ለይስሙላ ነው» አለችው፣ ድንቿን እየቆረሰች።

ፒም ወሬውን ለፖሊስ አደረሰው። ሁለት ወር ሳይሞላ ሚስተር ላይል ከወንድ ጋር ተኝተዋል ተብለው ለንደን ፍርድ ቤት ቀረቡ። ከተፈረደባቸው ሁለት ዓመት እስራት ከከባድ የጉልበት ሥራ ጋር ነው። የኬዛያ ወንድም ከእንዲያ ያለው እስር ወጥቶ ዓመት እንኳ አልቆየም፤ ስለዚህ ምስክር ሆና ስትጠራ ምን እንደሚጠብቃቸው ማንም ሊነግራት አላስፈለገም።

መጽሐፍ ቅዱስ ስማ ማለች። አቃቤ ሕጉ ተነሳ።

«ወይዘሪት ታፕስኮት፣ ግርጌውን አይቼ አውቃለሁ ብለሻል?»

«ብያለሁ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን አየሽ?»

ስንት ጊዜ ባል ከደበደባቸው ሚስቶች ትራስ ላይ ደም አጥባለች! አንድም ዳኛ ምን አየሽ ብሎ ጠርቷት አያውቅም።

«ምንም፣ ጌታዬ። ጉራዬን ነው። ከአልጋ ምንም አይታወቅም፤ አብረውኝ አልጋ የሚያነጥፉት ልጃገረዶች እንዲፈሩኝ የፈጠርኩት ነው። ያን ሰሞን እንዲያውም ስንፍና ይዞኝ፣ አንሶላ ላለመቀየር ብዬ፣ የዚያን አልጋ ግርጌ ከፍራሹ ጋር በመርፌ ሰፍቼው ነበር። ዝሆን ቢተኛበትም አይነቃነቅም።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ፊቱ ደም መሰለ። ኬዛያን የከበዳት በሐሰት መማሏ አልነበረም፤ አንሶላ ሳልቀይር ሰነበትኩ ማለቷ ነው።

ሚስተር ላይልን ግን አላዳናቸውም። ሌሎች ምስክሮች ብዙ ተናገሩ፣ ሁለቱ ዓመት ተፈረደ። እሷም በማግስቱ ከሥራ ተባረረች። ለዚህ አልተቆጨችም፤ የሚያንገበግባት ያ የምሳ ሰዓት ነው።

ከወር በኋላ ሚስስ ሎክዉድ የሚባሉ፣ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ጨዋ መበለት አስጠሯት። ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት።

«ከአልጋ ምንም አይታወቅም ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እመቤቴ።»

«እውነትሽን ነው?»

ኬዛያ ገርበብ ባለው በር አሻግራ የሴትዮዋን አልጋ አየች። ግርጌው ከግራም ከቀኝም ተፈትቷል፤ ሁለት ሰው ነው ያደረበት።

«እውነቴን ነው፣ እመቤቴ።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ጀምሪ።»