እናቴ ቀይዋን መኪና የነዳች ዕለት

በሩን ስከፍተው ፀሐይ ያሞቀው የመኪና ወንበር ሽታ ፊቴን መታኝ። ባለፈው ሳምንት ነው፤ ባሕር ዳር፣ መኪና የሚሸጥበት ግቢ ውስጥ። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሞ "እንግዲህ ምረጪ፤ የሚያምረውን ነው ወይስ የማያስቸግረውን?" አለኝ። መቀለዱ ነበር። እኔ ግን በሩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ይህን ጥያቄ ድሮ አንድ ጊዜ መልሼዋለሁ። ልክ መልሼ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ልንገርሽማ።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ሰቆጣ ነው። እናትና አባቴ የጎጃም ልጆች ናቸው፤ ለሥራ ተመድበው ሄደው እዚያው ወለዱኝ፣ እዚያው አሳደጉኝ። አባቴ የመሬት ቀያሽ ነበር፤ ያልለካውን ነገር የማያምን ሰው። እናቴ አዋላጅ ነርስ ነበረች። አርባ ዓመት ካለፋት በኋላ ወልድያ ወንድሟ ቤት ሰንብታ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ስትመለስ ፎቶዋ ያለበትን ካርድ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየች። "አሁን የቀረኝ መኪናው ብቻ ነው" ስትል እንደ ቀልድ ነበር የምሰማት።

በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ ሁለት መኪኖች ለሽያጭ ቀረቡ። አንደኛው የአንድ እህል ነጋዴ ፒካፕ ነው፤ ወንበሩ የተቀደደ፣ ሲነሳ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ። ሌላዋ ወደ ሌላ ከተማ የተዛወረ የመንግሥት ሠራተኛ የሚሸጣት ትንሽ ቀይ አውቶሞቢል ነበረች። ዋጋቸው ያን ያህል አይራራቅም።

አባቴ ጋራዥ ያላቸውን ሽማግሌ ይዞ መጣ። ሰውየው አፋቸውን የፈቱት በኽምጣንጋ ስለሆነ አማርኛውን ቀስ ብለው፣ ቃሉን እየመረጡ ነው የሚናገሩት። ከፒካፑ ሥር ገብተው ብዙ ቆዩና ወጥተው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ "ይህ ይሠራል" አሉ። ቀይዋን ግን ጎንበስ ብለው አይተው ወዲያው ቀና አሉ።

"ቆንጆ ናት። ሆዷ ለመሬት ቀረበ።"

"ሞተሯን እንዴት አዩት፣ ጋሼ?" አለች እናቴ።

"ሞተሯማ ጥሩ። እኔ የፈራሁ መንገዱን።"

እናቴ ግን ልሞክራት አለች። እኔን አጠገቧ አስቀምጣ ከከተማው መውጫ ወዳለው ቁራጭ አስፋልት ወሰደችኝ። መስኮቶቹን አውርደናቸው ነበር፤ የታጨደ ገብስ ሽታ ከነአቧራው ይገባል። የከሰዓት ፀሐይ ተራሮቹን ቢጫ አድርጓቸዋል። ማርሹን ስትቀይር መኪናዋ ያለ ድምፅ ወደ ፊት ተፈተለከች። "አየሽ? አየሽ እንዴት እንደምትታዘዝ!" ብላ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ቤት ውስጥ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች። አሁን ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ እንኳ አላነሳችውም። አጠገቧ መኖሬን የረሳች መሰለኝ።

ቤት ስንገባ ክርክሩ ተጀመረ። "እዚህ አገር መኪና ማለት ደርሶ መመለስ ነው" አለ አባቴ።

"እኔ በእግሬም በበቅሎም ስደርስ ስመለስ ኖሬያለሁ። አንድ ነገር ደስ ብሎኝ ብይዝ ምን አለበት?"

 እኔ ማን ልክ እንደሆነ ማወቅ አቃተኝ።

በነጋታው ጠዋት ከጎረቤታችን ከዝቋላ ወረዳ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው አመጡ። ተሸካሚዎቹ እናቴ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ በር ላይ ሲደርሱ መቆም አቅቷቸው መሬት ላይ ተዘረሩ። እናቲቱም ሕፃኑም ተረፉ። እናቴ ለምሳ ስትመጣ ጫማዋን እያወለቀች "ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ..." አለችና ተወችው። ከዚያ ማዕድ ላይ ቁጭ እንዳልን በጣቷ ወደ እኔ አመለከተች።

"እሷ ትፍረድ።"

ልቤ ቀይዋን ይል ነበር። አፌ ግን "ፒካፑ ይሻላል" አለ።

እናቴ ትንሽ አየችኝ። "ልክ ነሽ" ብላ ሳሕኖቹን ማንሳት ጀመረች። አባቴ ገና እየበላ ነበር።

ለምን እንዲያ አልኩ? በቃሬዛ ለመጣችው ሴት አዝኜ ነው እላለሁ። ሌላ ጊዜ አባቴን ፈርቼ ይሆናል እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ የሚያሳፍረኝ ሐሳብ ይመጣብኛል፤ እናቴ እኔን ረስታ ስትደሰት ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነበር፤ ቀንቼ ይሆን?

ፒካፑ ተገዛ። አንድም ቀን መንገድ ላይ ጥሎን አያውቅም። ከጋዝጊብላ፣ ከዝቋላ ስንት ወላድ አመላልሷል። እናቴ ግን ጥቂት ሳምንት ብቻ ነዳችው። መሪው ይከብዳታል። አንድ ቀን ወላድ ሊያመጡ ሲነሡ ቁልፉን ለአባቴ ሰጥታ "አንተ ንዳው፤ እኔ በሽተኛዋን ልያዝ" አለችው፤ ከዚያ በኋላ መልሳ አልጠየቀችም። ቀይዋን የደሴ ሰው ወሰዳት። በእኛ ድንጋይ ላይ ትሰበር ነበር ወይስ እስከ ዛሬ ትቆይ ነበር፣ ማን ይነግረኛል?

ከዓመታት በኋላ እናቴ በታመመች ጊዜ ደሴ ለሕክምና የወሰድናትም በዚያው ፒካፕ ነው። በእኔና በአባቴ መሐል ተቀምጣ ነበር። ይቅርታ ልጠይቃት አሰብኩ፤ በምን እንደምጀምር ግን ጠፋኝ። እሷ ዳሽቦርዱን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ "ጎበዝ ነው፤ አላሳፈረንም" አለች። የምሯን ይሁን ልታጽናናኝ፣ ፊቷን ባየውም አልገባኝም።

ሜዳማ ቦታ ላይ ስንደርስ "እስቲ ልንዳው" አለች። አባቴ አየኝ። እኔ መንገዱን አየሁ። ዳር ይዞ አቆመና ወረደላት። ፍሪሲዮኑን ለመርገጥ ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ እግሯ እምቢ አላት።

"ግድ የለም። ሞተሩን አጥፋውና ትንሽ ልቀመጥበት።"

አባቴ እጁን በመስኮቱ አስገብቶ ሞተሩን አጠፋው። እኔም ወረድኩ። እናቴ ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ፊት ለፊቷ ያለውን መንገድ ታይ ጀመር።

"ምን እያሰበች ነው?" አለኝ አባቴ በቀስታ።

"አላውቅም" አልኩት።

ራሷ እስክትጠራን ድረስ መንገድ ዳር ቆመን ጠበቅናት።