አንገቱ የታጠፈው መፍቻ

በዚያ እሑድ ጠዋት ከእኔ ሌላ ባሕር ዳር ባለው ግቢዬ የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ ጎረቤቴ የኬሚስትሪ መምህሩ፤ የፋብሪካው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ የቆላ ድባ ልጅ፤ ከእነርሱም ፈንጠር ብለው በዋርካው ጥላ በርጩማ ላይ የተቀመጡት፣ ከደሴቱ ገዳም በታንኳ የመጡት፣ ቅኔ ያስተማሩኝ የኔታ። ስማቸውን አልጽፍም። ይህን ያህል ዘመን ዝም ያልሁት ለእነርሱ ስል ነበር፤ ቁጣዬ ግን አብሮኝ አረጀ እንጂ አልበረደም።

የየኔታን ዓይን ሞራ ጋርዶት ነበር። ሞራ የሚገፍፍ ሐኪም ጎንደር መጥቶ እስከ ሰኞ ማታ ብቻ እንደሚቆይ ሰማን። አውቶቡሶቹ ሰው ለሰልፍ እንዲያመላልሱ ተወስደዋል፤ የጎርጎራው ጀልባም አስቀድሞ ሄዷል። የሁለቱ ጓደኞቼ መኪኖች መለዋወጫ አጥተው ቆመዋል። የቀረችው የእኔ አሮጌ መኪና ናት፤ እርሷም የውሃ ፓምፗ እያፈሰሰ ቆማለች። የሚተካ ፓምፕ አግኝተናል። አሮጌውን ፈትተን ሰኞ ሳይነጋ ካልተነሣን፣ የኔታ ዳግመኛ ብራና አያነቡም።

በዚያ ዘመን ሙሉ የመፍቻ ስብስብ በባሕር ዳር ሱቅ አይገኝም ነበር። ስለዚህ ልማድ አበጀን፤ እያንዳንዱ በእጁ ያለችውን ዕቃ ይጠብቃል፣ እሑድ እሑድ በተራ የአንዳችንን መኪና ስንጠግን የየድርሻውን ይዞ ይመጣል። እንደ ጽዋ ማኅበር ነበር። መምህሩ በቡሎን ራስ ላይ የሚሰካ ቡሾላና ረጅም ማስረዘሚያ ነበረው፤ የፋብሪካው ሰው ደግሞ ዝገት የሚያላላ ዘይትና ጉልበት እንዲያበዛ በመፍቻ እጀታ ላይ የሚሰካ ቁራጭ ቱቦ። የእኔ ድርሻ አንገቱ የታጠፈ አጭር መፍቻ ነበር። ከፓምፑ ቡሎኖች አንዱ ከሞተሩ ኋላ ተደብቋል፤ እጅ ይገባል፣ ቀጥ ያለ መፍቻ ግን የሚዞርበት ስፍራ የለውም፣ ቡሾላም አይደርስበትም። አንጥረኛ ዘንድ ሄጄ እጀታውን አስቆርጬ አንገቱን በእሳት አሳጠፍሁት። በአንድ ጊዜ የጥፍር ያህል ብቻ ያዞራል፤ ቢሆንም ያዞራል።

ቡሎኑ የሚታየው በመስተዋት ስባሪ ብቻ ነበር። ሁላችንም እጃችን ተይዟልና የኔታ «እኔ ልያዝላችሁ» አሉ። ብራና ሲጽፍ የኖረ እጃቸው አይንቀጠቀጥም።

«የኔታ፣ ትንሽ ወደ ግራ ያድርጉልን» አለ የፋብሪካው ሰው ከኮፈኑ ሥር።

«ምን ይታይሃል?»

«ጨለማና ዝገት፣ የኔታ።»

«እንግዲያ ከእኔ አትሻልም!»

ስንስቅ ቡሎኑ ሲጥጥ አለና የጥፍር ያህል ላላ። ወዲያው የቀበሌው ሊቀ መንበር ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ገባ።

«ጓዶች፣ የምን ስብሰባ ነው?»

«መኪና እየጠገንን ነው» አልሁ።

በየተራ በእጃችን ያለውን አሳየነው። ግንባሩን ቋጠረ። «አንድ ሰው ሁሉንም ለምን አይዝም? ለእያንዳንዱ አንዳንድ ያከፋፈለ ማን ነው? ይህ እኮ አደረጃጀት ነው!»

«ያከፋፈለን ችግር ነው፣ ጓድ» አለ የፋብሪካው ሰው። «ሱቁ ሙሉውን ቢሸጥልን ኖሮ፣ እኔ ይሄኔ ተኝቼ ነበር።»

«በአብዮቱ ዘመን ችግር አለ ነው የምትለው? ና፣ ለአጭር ጥያቄ ትፈለጋለህ።»

የኔታ መስተዋቱን እንደ ያዙ ተነሡ። «ልጄ፣ እነዚህ የሚደክሙት ለእኔ ዓይን ነው። ጥፋት ካለ የእኔ ነው።»

«አባ፣ እርስዎ አይግቡበት» አለና ዕቃውን ሁሉ በጆንያ አስከትቶ የፋብሪካውን ሰው ይዞት ሄደ።

ከዚያ በኋላ መምህሩና እኔ ከጎረቤት በተዋስነው ፒንሳ ስንታገል ዋልን። የቡሎኑ ጠርዝ ተላጠ እንጂ አልወጣም። ሰኞ መሸ፤ ሐኪሙ ሄደ።

ማክሰኞ ሰውየውንም ዕቃውንም ልጠይቅ ቀበሌ ሄድሁ። በግቢው ከእኔዋ ጋር አንድ ዓይነት የሆነችው የቀበሌው መኪና ኮፈኗ ተከፍቶ ቆማለች፤ ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ ከሞተሩ ኋላ ቡሎን ይፈታል። በእጁ የያዘው የእኔን መፍቻ ነበር።

«ግሩም ዕቃ ነው!» አለኝ ሊቀ መንበሩ ፈገግ ብሎ። «ማን አጠፈልህ? በዚህ ቡሎን እኮ እኛም ስንት ጊዜ ተቸገርን።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ድንቁርና ነው ብዬ ነበር፤ ድንቁርናን ይቅር ማለት ይቻላል። ያ ሰው ግን ወደ ግቢዬ ሲገባ ምን እንደ ያዝን፣ ምን እንደምንፈታም ያውቅ ኖሯል። «አደረጃጀት» ያለው ዐውቆ ነው። ለአንድ ብረት ሲል የአንድ ሊቅ ዓይን አጠፋ።

«ሐኪሙ ሄደ» አልሁት።

«የምን ሐኪም?» አለኝ።

መፍቻውን አልመለሰልኝም። የፋብሪካው ሰው ከቀበሌ ወደ ሌላ እስር ቤት ተዛወረ፤ ወደ ሥራውም ወደ ከተማውም አልተመለሰም። መምህሩ አጥር ላይ ሰላምታ ይሰጠኛል እንጂ ወደ ግቢዬ መግባቱን ተወ፤ አልፈረድሁበትም። የኔታን ራሴ እጃቸውን ይዤ ታንኳው ላይ አሳፈርኋቸው። እስኪያርፉ ድረስ ቅኔውን ከልባቸው እያወጡ በጨለማ አስተማሩ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቆመችው መኪና አጠገብ ከአራታችን የቀረ አንድ ሰው ነበር፤ እኔ።