ዝም ያለው ልጅ

ዛሬ ጠዋት የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ባንዴ ዴስክ ስር ገቡ። አንዲት ልጅ ብቻ ቀረች።

አማርኛ እያስተማርኩ ነበር። በምናነበው የልጆች ልቦለድ ውስጥ ጫካ ውስጥ የጠፉ እህትና ወንድም አሉ። እሷ ታለቅሳለች፣ እሱ ዝም ይላል። «ከሁለቱ ይበልጥ የፈራው ማነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«የምታለቅሰዋ!» አሉ ባንድ ድምፅ።

ይሄኔ አውሮፕላን ጣሪያችንን የሚነካ እስኪመስል ዝቅ ብሎ አለፈ። (ቁሓ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያርፍ የመንገደኞች አውሮፕላን ነው እንጂ እንደ ጦርነቱ ጊዜ የሚደበድብ አይደለም። ይህ ትዝ ያለኝ ግን እኔም ከጠረጴዛው ስር ከወጣሁ በኋላ ነው።)

ሌሎቹ ዴስክ ስር ሲገቡ ሉዋም ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። እርሳሷን እንደያዘች ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። አልፈራችም ብዬ ነበር። እጇን ስነካው በረዶ ሆኗል።

«ኣጆኺ ጓለይ፣ አይዞሽ ልጄ፣ አለፈ» አልኳት።

«መምህር» አለችኝ በቀስታ፣ «ይበልጥ የፈራው ዝም ያለው ነው። ማልቀስም አቅቶት እኮ ነው።»

ከዚያ በኋላ ማስተማር አልቻልኩም፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ደወል ተደውሎ ሌሎቹ ሲወጡ እጄን አልለቀቀችም። እኔም አልለቀቅኳትም። እውነቱን ለመናገር፣ ማን ማንን እንደያዘ አላውቅም።

የእናንተ ልጆችስ ድንገት ድምፅ ሲሰሙ ምን ይሆናሉ? በተለይ ዝም ስለሚሉት ንገሩኝ።