መሬቱ ገና አልጠጣም

አባቴ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የቦያችን የውሃ አባት ነበር። የቦዩ ብረት በር ቁልፍ ከወገቡ አይለይም፤ ሲተኛ ትራሱ ሥር ያደርገዋል። እናቴ «እኔን እንኳ እንዲህ ጠብቀኸኝ አታውቅም» እያለች ትስቅበት ነበር።

ማጠጣት የሚለውን ቃል እሱ ፊት እንደዋዛ መጣል አይቻልም። አንድ ቀን ከማሳ ተመልሼ «አጠጣሁ» ስለው፣ «ውሃ ለቀቅሽ እንጂ አላጠጣሽም» አለኝ። «ማጠጣት መሬቱ በቃኝ እስኪል መጠበቅ ነው። ቀድመሽ ከሄድሽ ጥሙን ቀሰቀስሽበት፤ ካበዛሽበት ደግሞ ሥሩን አበሰበስሽው።» በቃኝ ማለቱን የሚያውቀው ባለማሳው ነው፤ ትልሙ ውስጥ ጣቱን ከትቶ ያያል። ስለዚህ በቦያችን የሰዓት ነገር አልነበረም። ባለማሳው «ጠጣ» ብሎ ሲጣራ አባቴ ውሃውን ወደ ቀጣዩ ያዞራል፤ «አልጠጣም» ካለ ይጠብቃል። ሄዶ አያይም። ሄዶ ማየት ሰውየውን ውሸታም ብሎ መስደብ ነው። ሰፈሩ «ባለጆሮ» የሚል ስም ያወጣለት በዚህ ነው።

ዝናብ በጠፋበት ዓመት ውሃው ቀጠነ። በቦዩ መጨረሻ አካባቢ የአጎቴ ማሳ አለ። አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ አባቴ ነው እንደ ልጁ ያሳደገው። ከእሱ ቀጥላ ተራ የሚደርሳት ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከሽንኩርቷ በቀር ሌላ ተስፋ የሌላት ሴት። ፀሐይ ስትጠልቅ ቦዩ ይዘጋል፤ ያልደረሰው ሰው እስከሚቀጥለው ተራ ይጠብቃል። አጎቴ ሁለት ተራ ሙሉ ፀሐይ እስክትጠልቅ «ጋሼ፣ ገና አልጠጣም» አለ። እሷ ዘንድ ጠብታ አልደረሰም። አባቴም «ታገሺ እህቴ፣ የወንድሜ መሬት አሸዋ ስለሚበዛው ነው» አላት።

በሦስተኛው ተራ ልብስ ሰፊዋ የመለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ መጣች። «ጋሼ፣ ዛሬ ጆሮዎን ትተው በዓይንዎ ይዩልኝ» አለችው። እኔም ተከተልኳቸው። ከአጎቴ አጥር ጀርባ የቤት ስፋት ያለው ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ ፕላስቲክ ተነጥፎበት እስከ አፉ ሞልቷል። ዙሪያውን ለገበያ ያፈላቸው ችግኞች ለምልመዋል። አባቴ ከማሳው አፈር ዘግኖ ሲጨብጥ ጭቃው በጣቶቹ መሃል ሾለከ። መሬቱ ከጠጣ ቆይቷል። ውሃው ወደ እሷ ሲዞር ግን ሽንኩርቱ ላይነሳ ደርቆ ነበር።

ይህን እንኳ አባቴ ይችለው ነበር። ያልቻለው ስብሰባው ላይ የሆነውን ነው። ባለማሳዎቹ ሁሉ ተሰብስበው አጎቴን ሲያፋጥጡት፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ? ጋሼ ያውቃል። ቁልፉ በማን እጅ ነው?» አለ።

ሰው አመነው። የገዛ ወንድሙ ከመሰከረበት ማን ይጠራጠራል? አንዱ ከኋላ «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለ፤ ሌሎቹም ሳቁ። እኔ ልናገር ብነሳ «አንቺማ ልጁ ነሽ» ብለው አስቀመጡኝ። አባቴ «ቃሉን አምኜ ነው» ብቻ አለ። ልብስ ሰፊዋ እንኳ፣ ጭቃውን ሲጨብጥ አጠገቡ የነበረችው ሴት፣ ቀና ብላ አላየችውም። ባጎረስኩ ተነከስኩ ይሏል ይሄ ነው። አጎቴን በጥፊ ማጮል ነበር ያማረኝ። አባቴ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ውሃው የሚታደለው በሰዓት ነው፤ ለሁሉም አርባ አርባ ደቂቃ። መሬቱ ጠጣ አልጠጣ የሚጠይቅ የለም።

ከወር በኋላ አጎቴ ቤታችን መጣ። ለመቀመጥም አልደፈረም።

«ጋሼ፣ በሌላ ሰው ባሳብብ አይምረኝም ነበር» አለ እያለቀሰ። «አንተ ግን ትምረኛለህ ብዬ ነው።»

አባቴ «ይቅር ብዬሃለሁ። በል ሂድ» አለው። አጎቴ እጁን ስሞ፣ ቀለል ብሎት ወጣ።

እኔ የአባቴን ፊት አውቀዋለሁ። በሕይወቱ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።