ቀን የሚቀዘቅዘው ሳጥን

በእኛ ሰፈር የተበላሸ ካውያና ምድጃ የሚጠግነውን ሰው ሁሉም «ቆጣሪው» እያለ ነው የሚጠራው። የሚሠራው ከደረጃ ሥር ባለች አንዲት ክፍል ነው። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሳ ደንበኛ የሚቀመጠው በሩ ላይ፣ ግማሽ ጎኑ ውጭ ሆኖ ነው። ቀይና ጥቁር ገመድ ያለው የኤሌክትሪክ መለኪያ ከአንገቱ አይወርድም። ቀልደኞች፣ እንደምን አደርክ ቢሉት እንኳ ለክቶ ነው የሚመልሰው ይሉታል። እሱ ግን አይቀየምም።

እንዲህ የሆነው በምክንያት ነው። በወጣትነቱ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ሁለት ካውያ በአንድ መስመር ብሰካ ይችለዋል ወይ ብላ ብትጠይቀው፣ ካውያው ላይ የተጻፈውን ብቻ አይቶ ይችላል አላት። ሽቦው ጋለ፤ መጋረጃዋ በእሳት ተያያዘ። ሰው አልተጎዳም፤ እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ሳይለካ አፉን ከፍቶ አያውቅም። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፣ ያውም እያፈረ።

እኔና እሱን ያስተዋወቀን እንቁላል ነው። ልጄ ከመሥሪያ ቤቷ ተቀንሳ አንድ ወር ያህል ከቤት ሳትወጣ ከረመች። በኋላ ጫጩት ላሳድግ አለችና መቶ ሰማንያ እንቁላል መርጠን፣ ጓዳ ባኖርነው፣ በኤሌክትሪክ በሚሞቅ የመፈልፈያ ሳጥን ውስጥ ደረደርን። እንቁላል ሃያ አንድ ቀን ይፈልጋል፤ የሳጥኑ ሙቀትም ሁልጊዜ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ተኩል መሆን አለበት። ልጄ በየቀኑ ስታገላብጣቸው ፊቷ ወዝ እየመለሰ መጣ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ሙቀቱ ወደ ሠላሳ አራት ወረደ። ሲመሽ ተመለሰ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ፀሐይ ጣሪያውን እያጋለች ሳጥኑ ይቀዘቅዛል፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሳጥኑ ይሞቃል። ለጎረቤቴ ብነግራት፣ ሳጥንሽ ፀሐይ ትፈራለች እንዴ ብላ ሳቀችብኝ። አንድ ሌላ ጠጋኝ ማሞቂያው አርጅቷል ብሎ በአዲስ ለወጠልን፤ ለውጥ ግን አልመጣም። ልጄ ሳጥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ሙቅ ውኃ በጠርሙስ እየሞላች ውስጡ ታስቀምጥ ጀመር። አላለቀሰችም፤ እኔን ያስፈራኝ አለማልቀሷ ነው።

ሰው ማስቸገር ይከብደኛል። በቆጣሪው በር ሁለት ጊዜ አለፍኩ። ሦስተኛው ላይ ራሱ ጠራኝ።

«እትዬ፣ ሲመላለሱ አየሁዎት። ምን ተበላሸ?»

ቤት ሲመጣ ማሞቂያውን አልነካም። መጀመሪያ ገመዶቹን ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት አስገባ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው 220 ቮልት፣ 200 ዋት ነው፤ መለኪያው ግን 165 ቮልት አለ። ቀጥሎ ሳጥኑን ነቅሎ፣ ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱን ለይቶ ቆረጠና መለኪያውን መሃል አስገብቶ መልሶ ሰካው። 0.68 አምፔር። ወረቀት አውጥቶ እርሳሱን ለእኔ ሰጠኝ። ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት ብዬ ብነግረው፣ «ማባዛት አራተኛ ክፍል አለች» አለኝ።

ቮልት ኤሌክትሪኩን የሚገፋው ጉልበት ነው፤ አምፔር ደግሞ በሽቦው የሚያልፈው መጠን ነው አለ። ቮልቱን ለአምፔሩ ሲያካፍሉት ሽቦው ምን ያህል እንደሚገታ ይገኛል፤ ስሙም ኦም ነው። አካፈልኩ፤ 243 ገደማ መጣ። ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ሲሰላ 242 ነው የሚሆነው። ማሞቂያው ጤነኛ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ያባዙት አለኝ። 165 በ0.68 ሳባዛው 112 ዋት ወጣ። ሁለት መቶ መስጠት የነበረበት!

«ማሞቂያዎ አልሰነፈም» አለኝ። «በግማሽ ምሳ ሙሉ ቀን እየሠራ ነው።»

ነገሩ ቀላል ኖሯል። በእኛ መስመር ላይ በቅርቡ የብረታ ብረት ቤት ተከፍቷል። ቀን የብየዳ ማሽኖቹ ኃይሉን ይስቡታል፤ ሲመሽ ይዘጋና ኃይሉ ይመለሳል። ሁላችንም ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን 220 አምነን ስንጨነቅ ግድግዳውን የጠየቀ አልነበረም።

አሮጌውን ማሞቂያ ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠሁት። ለክቶ አየውና፣ ደህናውን ነው ያወጡት አለኝ። ከአዲሱ ጎን ገጠመው፤ ለየራሳቸው ማብሪያ ማጥፊያ አበጀላቸው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ በዚያው በደከመ ኃይል 224 ዋት ይሰጣሉ፤ ሲመሽ አንዱን ማጥፋት ነው። ሥራውን ጨርሶም አልሄደም። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ሰባት ተኩል እስኪል ድረስ ሁለት ሰዓት ያህል በተደፋ ባዶ የእንጨት ሳጥን ላይ ቁጭ አለ።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ጓዳው በጫጫታ ተሞላ። ከመቶ ሰማንያው መቶ አርባ አንዱ ተፈለፈሉ። ልጄ ሮጣ ሄዳ ቆጣሪውን ጠራችው፤ ላባዋ የደረቀ አንዲት ጫጩትም በመዳፉ አኖረችለት። በሌላው እጁ ቀስ ብሎ ከለላት።

«ይቺ ስንት ዋት ትሆን?» አለችው ልጄ።

«ይቺን አልለካትም» አለ፣ ዓይኑን ከጫጩቷ ሳይነቅል።

ልጄ ከሥራ ከወጣች ወዲህ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እኔ ጓዳ ሆኜ ብዙ የምስጋና ቃል አሰናድቼ ነበር፤ ፊት ለፊቱ ስቆም ግን «ተባረክ፣ ወንድሜ» ከማለት በቀር ሌላ አልወጣልኝም። የቀረውን እዚህ ጻፍኩት።